ዝምታን ማንቂያ ማድረግ፦ በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላማ አካባቢ ለተሽከርካሪ ጥበቃ የሚሆን ቀላል የሬዲዮ ማንቂያ ንድፍ

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በምዕራብ ጎንደር ቆላማ ወረዳዎች ሞተር ሳይክል፣ ባጃጅ፣ ትራክተርና ፒክአፕ ብዙውን ጊዜ ከከተማ ርቆ በእርሻ ካምፕ ያድራል። በዚያ ቦታ የተሽከርካሪ ጡሩምባ የሚሰማው ጎረቤት የለም፤ በሞባይል መረብ ላይ የተመሠረተ መከታተያም መረቡ ባለበትና በማይቋረጥበት ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ይህ ጽሑፍ ያለ ስልክ መረብ የሚሠራና በቀላሉ ሊገጣጠም የሚችል የሬዲዮ ማንቂያ ንድፍ ያቀርባል። የንድፉ ዋና ሐሳብ ተሽከርካሪው ሲሰረቅ ብቻ እንዲጮኽ ከማድረግ ይልቅ በየጊዜው «አለሁ» የሚል አጭር መልእክት እንዲልክ ማድረግ፣ የመልእክቱንም መቋረጥ እንደ ማንቂያ መቁጠር ነው። ጽሑፉ የርቀት፣ የመልእክት ግጭት፣ የሐሰተኛ ማስጠንቀቂያና የባትሪ ስሌት ይሠራል። ስሌቱ እንደሚያሳየው ከሽፋን ርቀቱ አንድ አራተኛውን በመተው የማንቂያው መዘግየት ከ6 ደቂቃ ወደ 2 ደቂቃ ሊወርድ ይችላል።

ቁልፍ ቃላት፦ የተሽከርካሪ ስርቆት፣ የሬዲዮ ማንቂያ፣ ሎራ፣ ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ፣ መተማ

1. መግቢያ

መተማ ዮሐንስና የሱዳኗ ገላባት በአንድ ድልድይ ብቻ የሚለያዩ የድንበር ከተሞች ናቸው። ከመተማ እስከ ቋራ፣ ከገንዳ ውሃ እስከ ምዕራብ አርማጭሆ የተዘረጋው ቆላ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ ምድር ነው። የእርሻው ሥራ በተሽከርካሪ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ትራክተር ያርሳል፣ ፒክአፕ ነዳጅና ቀለብ ያመላልሳል፣ ሞተር ሳይክል የካምፕ ኃላፊውንና መካኒኩን ከእርሻ ወደ እርሻ ያደርሳል፣ ባጃጅ ደግሞ በከተሞቹ ውስጥ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ነው። የሰሊጥ አጨዳ በሚደርስባቸው የመስከረም መጨረሻ፣ የጥቅምትና የኅዳር ሳምንታት አንድ ተሽከርካሪ ለጥቂት ቀናት እንኳ ከጠፋ ጉዳቱ ከዋጋው ያልፋል። የደረሰ ሰሊጥ ሳይታጨድ ከቆየ ከረጢቱ ተከፍቶ ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋልና።

በድንበር አካባቢ የስርቆት ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ነው። ተሽከርካሪው ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ ፍለጋው የሌላ አገር ሕግና ፖሊስ ጉዳይ ይሆናል። በጥሩ መንገድ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር ሳይክል በ6 ደቂቃ 4 ኪሎ ሜትር፣ በ2 ደቂቃ ደግሞ 1.3 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ስለዚህ የማንኛውም ማንቂያ የመጀመሪያ መመዘኛ «ይጮኻል ወይ?» ሳይሆን «ጠባቂው መጥፋቱን በስንት ደቂቃ ያውቃል?» የሚለው ነው። ሁለተኛው መመዘኛ ከመጀመሪያው ጋር የሚጋጭ ነው፤ ማንቂያው በከንቱ ስንት ጊዜ ይጮኻል? ቀጥለው የሚመጡት ክፍሎች እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በቁጥር ለመመለስ የተሰናዱ ናቸው።

2. ነባር ዘዴዎችና ክፍተታቸው

በገበያ የሚገኙት መከላከያዎች በሦስት ይመደባሉ። የመጀመሪያው በተሽከርካሪው ላይ የሚገጠም ጡሩምባ ነው። በከተማ ሰፈር ሰው ይሰበስባል፤ በእርሻ መሐል ግን ከካምፑ ወጣ ብሎ የቆመ ትራክተር ቢጮኽ ድምፁ በነፋስና በጄኔሬተር ጩኸት ይዋጣል። ከዚህም በላይ የባትሪው ገመድ ከተቆረጠ፣ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ከሌለው፣ ጡሩምባው ወዲያው ዝም ይላል።

ሁለተኛው በሞባይል መረብ የሚሠራ የጂ.ፒ.ኤስ. መከታተያ ነው። ተሽከርካሪው የት እንዳለ ስለሚናገር ከሁሉም የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ነገር ግን ሲም ካርድ፣ የአገልግሎት ክፍያና የመረብ ሽፋን ይፈልጋል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ቦታውን በኢንተርኔት የሚልክ መከታተያ ሁሉ ከባለቤቱ ጋር መገናኘት አቁሟል። መረቡ ሲመለስ መሣሪያው ይሠራል፤ ሌባ ግን መረብ እስኪመለስ አይጠብቅም።

ሦስተኛው በ433 ሜጋኸርዝ የሚሠራ ርካሽ የሬዲዮ ማንቂያ ነው። ተሽከርካሪው ሲነካ አንድ ምልክት ይልካል፣ በጠባቂው ዘንድ ያለው ተቀባይም ይጮኻል። መረብ አይፈልግም። ሆኖም ሁለት ድክመቶች አሉበት። አንደኛ፣ ብዙዎቹ ቋሚ ኮድ ይጠቀማሉ፤ ለምሳሌ በስፋት የሚታወቀው ኤች.ቲ.12.ኢ. የተባለው ኮድ ሰጪ ቺፕ 8 የአድራሻ ቢት ብቻ ስላለው ሊኖሩት የሚችሉት አድራሻዎች 256 ናቸው። ሁለተኛውና ዋናው ድክመት ግን ከአሠራሩ የመነጨ ነው፤ መሣሪያው የሚናገረው ክፉ ነገር ሲደርስ ብቻ ነው። ሌባው አስቀድሞ ገመዱን ከቆረጠው፣ አንቴናውን ከሰበረው ወይም ባትሪው ቀድሞ ካለቀ፣ ጠባቂው የሚሰማው ነገር የለም። ለእርሱ ሰላማዊ ሌሊትና የተሰረቀበት ሌሊት አንድ ዓይነት ዝምታ አላቸው።

መፍትሔው የዝምታውን ትርጉም መገልበጥ ነው። ተሽከርካሪው ደኅና ሳለ ደጋግሞ «አለሁ» ካለ፣ ዝም ሲል አንድ ነገር ደርሷል ማለት ነው። ገመድ መቁረጥ፣ አንቴና መስበር፣ መሣሪያውን በብረት መሸፈን፣ ተሽከርካሪውን ከሽፋን ማውጣት ሁሉም በመጨረሻ አንድ ውጤት ያመጣሉ፤ መልእክቱ ይቀራል።

3. የሥርዓቱ መዋቅር

ሥርዓቱ በእያንዳንዱ ተሽከርካሪ ላይ የሚደበቅ አስተላላፊና በካምፑ የሚተከል አንድ ተቀባይ አለው። አስተላላፊው አራት ክፍሎች አሉት፤ እነርሱም እንደ አትሜጋ 328ፒ ያለ ማይክሮኮንትሮለር፣ ኤስ.ኤክስ.1278 የተባለ የሎራ ሬዲዮ ቺፕ፣ እንቅስቃሴንና ማዘንበልን የሚለይ አክስለሮሜትር፣ እንዲሁም የተሽከርካሪው ባትሪ ሲቋረጥ ሥራውን የሚረከብ ትንሽ መጠባበቂያ ባትሪ ናቸው።

ተቀባዩ ተመሳሳይ ሬዲዮ ያለው ሆኖ ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ አንድ አረንጓዴና አንድ ቀይ መብራት፣ አንድ ማብሪያና ማጥፊያ፣ ለሁሉም የጋራ የሆነ ደወል አለው። ስክሪንና ጽሑፍ ሆን ተብሎ ቀርቷል፤ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው በአንድ እይታ ሊረዳው የሚገባው የትኛው ተሽከርካሪ እንደቀላ ብቻ ነውና። ሹፌሩ በፈቃድ ሲወጣ ጠባቂው የዚያን ተሽከርካሪ ማጥፊያ ያዞራል፣ የመውጫ ሰዓቱንም በመዝገብ ይጽፋል።

ተሽከርካሪው ሦስት ዓይነት መልእክት ይልካል። የመጀመሪያው በየ20 ሴኮንዱ ገደማ የሚላከው «አለሁ» ነው። ሁለተኛው ከ5 ሴኮንድ በላይ የቆየ መነቅነቅ ወይም ማዘንበል ሲታይ የሚላከው «ተነካሁ»፣ ሦስተኛው ዋናው ባትሪ ሲለያይ የሚላከው «ኃይል ተቋረጠብኝ» ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው በ10 ሴኮንድ ውስጥ በተለያየ ክፍተት 5 ጊዜ ይደጋገማሉ። አንድ መልእክት የመጥፋት ዕድሉ ከ10 አንድ ቢሆንና የአንዱ መጥፋት ከሌላው ጋር ባይያያዝ፣ አምስቱም በአንድነት የመጥፋታቸው ዕድል ከ100,000 አንድ ነው።

የሁለቱ መንገዶች ሥራ የተለያየ መሆኑን ማስተዋል ያስፈልጋል። ተሽከርካሪውን ከነመሣሪያው እየነዳ የሚሄድ ሌባ ከሽፋኑ እስኪወጣ ድረስ «አለሁ» የሚለው መልእክት አይቋረጥም፤ እርሱን ቀድሞ የሚያጋልጠው «ተነካሁ» ነው። መሣሪያውን አግኝቶ በቅጽበት የሚሰብረውን ሌባ ግን የሚያጋልጠው ዝምታው ብቻ ነው። አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው።

4. የርቀት ስሌት

ሬዲዮው የሚሠራበት ከ433.05 እስከ 434.79 ሜጋኸርዝ ያለው ክልል፣ ኢትዮጵያ በምትገኝበት የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አንደኛ ቀጠና ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የታሰበ ነው። ስሌቱ የተሠራው 10 ሚሊዋት፣ ማለትም 10 ዴሲቤል ሚሊዋት በሆነ የማስተላለፊያ ኃይል ነው።

የመተማ ቆላ በአብዛኛው ሜዳ በመሆኑ ቀጥታ የሚመጣውንና ከመሬት የሚነጥረውን ሞገድ የሚያጣምረው የሁለት ጨረር ሞዴል ይስማማዋል። በዚህ ሞዴል የምልክቱ መቀነስ በዴሲቤል የሚገኘው በሜትር የተለካውን ርቀት ሎጋሪዝም በ40 በማባዛት፣ ከዚያም የሁለቱን አንቴናዎች ከፍታ ብዜት ሎጋሪዝም በ20 አባዝቶ በመቀነስ ነው። የተሽከርካሪው አንቴና 1.2 ሜትር፣ በሰብል መጠበቂያ ማማ ላይ በምሰሶ የተተከለው የተቀባዩ አንቴና 6 ሜትር ከፍታ ቢኖራቸው፣ የሁለቱ ብዜት 7.2 ሲሆን ከመቀነሱ ላይ 17.15 ዴሲቤል ያነሣል። ለተደበቀ አንቴና 3፣ ለዛፍና ለሰብል 15፣ ለመጠባበቂያ 10፣ በድምሩ 28 ዴሲቤል ተይዟል።

የተቀባዩ የመስማት ወሰን ደግሞ ከሙቀት ኖይዝ ይነሣል። በኸርዝ -174 ዴሲቤል ሚሊዋት ለሆነው ኖይዝ፣ ለ125 ኪሎኸርዝ ስፋት 51፣ ለቺፑ የራሱ ኖይዝ 6 ዴሲቤል ይደመራል። ሎራ ከኖይዝ በታች የወረደ ምልክት መስማት ስለሚችል በሥርጭት ደረጃ (ስፕሬዲንግ ፋክተር) 9 ተጨማሪ 12.5፣ በደረጃ 7 ደግሞ 7.5 ዴሲቤል ይቀነሳል። ስለዚህ ወሰኑ በደረጃ 9 -129.5፣ በደረጃ 7 -124.5 ዴሲቤል ሚሊዋት ይሆናል። ለንጽጽር፣ ለተራ የ433 ሜጋኸርዝ ተቀባይ -105 ዴሲቤል ሚሊዋት ተወስዷል።

ውጤቱ የሚከተለው ነው።

ተራ ተቀባይ፦ 400 ሜትር ገደማ
ሎራ፣ የሥርጭት ደረጃ 7፦ 1,230 ሜትር ገደማ
ሎራ፣ የሥርጭት ደረጃ 9፦ 1,640 ሜትር ገደማ

በዚህ ስሌት ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ተለዋዋጭ የሆነው ለሰብል የተያዘው 15 ዴሲቤል ነው። በየካቲት ሜዳው የተራቆተ ነው፤ በመስከረም ግን ማሽላው ከሰው ቁመት አልፎ፣ ቅጠሉም በዝናብ ረጥቦ፣ ከ1.2 ሜትር አንቴና በላይ ይቆማል። ስለዚህ የመስክ ፍተሻ መደረግ ያለበት ማሽላው በረዘመበት ወቅት ነው። በበጋ ተለክቶ የጸደቀ ሽፋን ጥበቃው በጣም በሚፈለግበት በአጨዳው ዋዜማ ሊከዳ ይችላል።

5. በመዘግየትና በሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ መካከል ያለው ሚዛን

ጥንቃቄ የሚሻው ውሳኔ እዚህ ላይ ነው። ተቀባዩ አንድ መልእክት በቀረ ቁጥር ቢጮኽ ጠባቂው እንቅልፍ አያገኝም፤ ብዙ ከታገሠ ደግሞ ሌባው ይርቃል። ስንት ተከታታይ መልእክት ሲቀር ይጩህ?

መልእክት የሚጠፋበት አንዱ ምክንያት ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ ጊዜ ሲልኩ የሚፈጠረው ግጭት ነው። 16 ባይት የያዘ መልእክት በሥርጭት ደረጃ 9 በአየር ላይ 165 ሚሊሴኮንድ፣ በደረጃ 7 ደግሞ 51.5 ሚሊሴኮንድ ይቆያል። 20 ተሽከርካሪዎች በደረጃ 9 በየ60 ሴኮንዱ ቢልኩ፣ በተለመደው የአሎሃ ቀመር በግጭት የሚጠፋው 9.9 በመቶ ነው። እነዚሁ 20 ተሽከርካሪዎች በደረጃ 7 በየ20 ሴኮንዱ ቢልኩ የሚጠፋው 9.3 በመቶ ነው። መልእክቱ በማጠሩ ሦስት እጥፍ መላክ ተቻለ፤ ግጭቱ ግን አልጨመረም።

የመጥፋት ዕድሉን ወደ 10 በመቶ አጠጋግተን፣ ሌሊቱን 10 ሰዓት አድርገን፣ በደረጃ 7 የሚላኩትን 1,800 መልእክቶች በተሽከርካሪ ብንወስድ፣ ለ20ው ተሽከርካሪ የሚጠበቀው ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ እንዲህ ይሆናል።

3 ሲቀር ቢጮኽ (60 ሴኮንድ)፦ በአንድ ሌሊት 32 ጊዜ
4 ሲቀር (80 ሴኮንድ)፦ በአንድ ሌሊት 3 ጊዜ
5 ሲቀር (100 ሴኮንድ)፦ በ3 ሌሊት አንድ ጊዜ
6 ሲቀር (120 ሴኮንድ)፦ በ31 ሌሊት አንድ ጊዜ

ከ5 ወደ 6 ለመሻገር የሚከፈለው 20 ሴኮንድ ብቻ ሲሆን፣ የሚገኘው ዕረፍት ግን አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ 6 ተመርጧል። በደረጃ 9 በየ60 ሴኮንዱ ቢላክ ስድስት መልእክት ለመጠበቅ 6 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ሐሰተኛው ማስጠንቀቂያ በ93 ሌሊት አንድ ጊዜ ይሆናል። ምርጫው ግልጽ ነው፤ 410 ሜትር ያህል ሽፋን ተትቶ 4 ደቂቃ ይገኛል። በአንድ ካምፕ ዙሪያ ለሚያድሩ ተሽከርካሪዎች ያ ሽፋን ትርፍ ነው፤ 4 ደቂቃው ግን በሞተር ሳይክል ሲሰላ 2.7 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች መጨመር አለባቸው። አንደኛ፣ የመላኪያው ክፍተት ልክ 20 ሴኮንድ መሆን የለበትም። ሁለት አስተላላፊዎች በአጋጣሚ በአንድ ቅጽበት ከተገናኙ በየዙሩ እየተጋጩ ሁለቱም ሊጠፉ ይችላሉና፣ ክፍተቱ በ15 እና በ25 ሴኮንድ መካከል በዘፈቀደ ይለዋወጥ። ሁለተኛ፣ ስሌቱ የአንዱ መልእክት መጥፋት ከሌላው ጋር እንደማይያያዝ ይገምታል። የቆመ ተሽከርካሪ ግን ምልክቱ በሚደክምበት ቦታ ከቆመ ሌሊቱን ሙሉ በዚያው ድካም ይቆያል። የመጥፋት ዕድሉ ከ10 ወደ 20 በመቶ በሁሉም ላይ ቢጨምር፣ በወር አንድ ጊዜ የነበረው ሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ ያህል ይሆናል። ለዚህ የሚበጀው ማታ ላይ ተቀባዩ የእያንዳንዱን ተሽከርካሪ የ10 ደቂቃ መልእክት ቆጥሮ፣ ከአምስት አንዱን ያጣውን በሚያብለጨልጭ አረንጓዴ መብራት እንዲያሳይ ማድረግ ነው። ሹፌሩም ተሽከርካሪውን ጥቂት ሜትር ያንቀሳቅሰዋል። የሞገዱ ርዝመት 69 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ትንሽ መንቀሳቀስ እንኳ ብዙ ጊዜ ይበቃል።

6. የመልእክቱ ታማኝነት

ዝምታ ማንቂያ በሆነበት ሥርዓት የሌባው አዲስ መንገድ ዝምታውን መሸፈን ነው። «አለሁ» የሚለውን መልእክት ቀድቶ መሣሪያውን ከሰበረ በኋላ መልሶ ቢያጫውተው፣ ተቀባዩ ተሽከርካሪው በቦታው እንዳለ ያምናል። ስለዚህ መልእክቱ ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ተራ ቁጥርና ማኅተም።

የ16ቱ ባይት ድልድል የሚከተለው ነው፤ 2 ለተሽከርካሪው መለያ፣ 4 ለተራ ቁጥር፣ 1 ለሁኔታ፣ 1 ለባትሪ ቮልቴጅ፣ 8 በኤ.ኢ.ኤስ. 128 ምስጢራዊ ቁልፍ ለተሠራ ማኅተም። ተቀባዩ ካለፈው የሚበልጥ ተራ ቁጥር የሌለውን ወይም ማኅተሙ የማይገጥመውን መልእክት እንዳልመጣ ይቆጥረዋል። እያንዳንዱ ተሽከርካሪ የራሱ ቁልፍ ይኑረው፤ የአንዱ መሰረቅ የሌሎቹን ምስጢር እንዳይገልጥ።

በዚህ ላይ ጀማሪ ንድፍ አውጪ በቀላሉ የሚያልፈው ነጥብ አለ። ተራ ቁጥሩ ኃይል ሲቋረጥ ወደ ዜሮ እንዳይመለስ በቋሚ ማኅደረ ትውስታ መጻፍ አለበት። የአትሜጋ 328ፒ ቋሚ ማኅደረ ትውስታ የተረጋገጠለት ለ100,000 ጊዜ ጽሕፈት ነው። በቀን 4,320 መልእክት የሚልክ መሣሪያ እያንዳንዱን ቁጥር በአንድ ቦታ ቢጽፍ በ23 ቀን ያንን ይጨርሰዋል። መፍትሔው በየ1,000 መልእክቱ አንዴ መጻፍ፣ መሣሪያው እንደገና ሲነሣም ከተጻፈው ላይ 1,000 ጨምሮ መጀመር ነው።

ሌላው ጥቃት ሞገዱን በሌላ ጠንካራ ሞገድ ማፈን ነው። ይህንን መከላከል ባይቻልም ማወቅ ግን ይቻላል። በካምፑ ዳር በቋሚነት የተተከለ ተሽከርካሪ አልባ አስተላላፊ፣ «ምስክር» ብለን የምንጠራው፣ ከሌሎቹ ጋር «አለሁ» ይላል። አንድ ተሽከርካሪ ዝም ብሎ ምስክሩ ከተናገረ ችግሩ በተሽከርካሪው ላይ ነው። ምስክሩም ሁሉም ዝም ካሉ ሞገዱ ታፍኗል ወይም ተቀባዩ ተበላሽቷል። ለሁለተኛው ሁኔታ የተለየ የደወል ድምፅ ይመደባል።

7. ኃይል፣ ሙቀትና አተካከል

አስተላላፊው ሲልክ ከነማይክሮኮንትሮለሩ 35 ሚሊአምፔር፣ ሲያርፍ 0.1 ሚሊአምፔር እንዲወስድ ታስቧል። በደረጃ 7 በየ20 ሴኮንዱ ሲላክ የመላኪያው አማካይ 0.09 ሚሊአምፔር ሲሆን፣ ድምሩ 0.19 ሚሊአምፔር ነው። 500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ መጠባበቂያ ባትሪ በስሌት 109 ቀን ያኖረዋል። ከዚህ ግማሹ በሙቀትና በእርጅና ቢጠፋ እንኳ የተሽከርካሪው ባትሪ ተፈትቶ ለጥገና የሚቆይበትን ጊዜ በሚገባ ይሸፍናል።

ነገር ግን የባትሪው ዓይነት መመረጥ አለበት። በመጋቢትና በሚያዝያ የቆላው የቀን ሙቀት 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በፀሐይ የቆመ ሞተር ሳይክል መቀመጫ ሥር ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። ተራ የሊቲየም አዮን ባትሪ ከ45 ዲግሪ በላይ መሞላት አይገባውም። ሙቀትን በተሻለ የሚችለው የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ይመረጣል፤ ማይክሮኮንትሮለሩም ሙቀቱን እየለካ መሙላቱን ወደ ሌሊት ያዛውራል።

የተሽከርካሪ የኤሌክትሪክ መስመር ጸጥ ያለ አይደለም። ሞተር ሲነሣ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ ባትሪው በሥራ ላይ ሲላላ ደግሞ በድንገት ይዘላል። ስለዚህ በመግቢያው ላይ ፊውዝ፣ ድንገተኛ ቮልቴጅ የሚውጥ ዳዮድ፣ እስከ 40 ቮልት የሚቀበል ሬጉሌተር ይገጠማል። በአንዳንድ የጭነት መኪኖች ያለው የ24 ቮልት መስመርም በዚሁ ይስተናገዳል።

አንቴናው 17.3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ሽቦ፣ ማለትም የሞገዱ ሩብ ነው። በሞተር ሳይክል ላይ ከኋላ የፕላስቲክ ሽፋን ሥር፣ በትራክተር ላይ በጣሪያው የፕላስቲክ ክፍል ውስጥ ይደበቃል። በብረት ሣጥን ውስጥ የገባ ወይም ከሻሲ ጋር ተጣብቆ የታሰረ አንቴና ስሌቱን ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል። ሣጥኑ ለአቧራና ለውኃ የታሸገ መሆን አለበት፤ በበጋ የጥቁር አፈሩ አቧራ፣ በክረምት ጭቃው ያልታሸገን ነገር ሁሉ ይገባበታል።

8. የጠባቂው ድርሻና የሕግ ጉዳይ

ማንቂያው የሚያበቃው በደወሉ ላይ አይደለም፤ የሚያበቃው ከእንቅልፉ በሚነቃ ሰው ላይ ነው። በዚህ አካባቢ ያ ሰው ብዙ ጊዜ መሣሪያ የታጠቀ ነው፤ በዙሪያውም በአጨዳ ወቅት ከደጋ የወረዱ፣ በጨለማ ወዲያ ወዲህ የሚሉ የቀን ሠራተኞች ያድራሉ። በክፍል 5 የተሰላው የሐሰተኛ ማስጠንቀቂያ ቁጥር በዚህ ምክንያት የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአንድ ሌሊት ሁለት ጊዜ በከንቱ የሚጮኽ ደወል ወይ ይጠፋል፣ ወይ ለውኃ የወጣን ሠራተኛ ተጠርጣሪ ያደርጋል። ከስድስት በታች መልእክት ላለመጠበቅ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ስለዚህ ከመሣሪያው ጋር አጭር የአሠራር ደንብ መሰጠት አለበት። ቀይ መብራት የሚናገረው አንድ አስተላላፊ ዝም ማለቱን ነው፤ ሌባ ማን እንደሆነ አይናገርም። ጠባቂው መጀመሪያ ምስክሩን ያያል፣ ቀጥሎ ባልደረባውን ቀስቅሶ በመብራት የተሽከርካሪውን ቦታ ይመለከታል፣ ከሌለ ለካምፑ ኃላፊና በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ያሳውቃል። ብቻውን መከታተል የለበትም። እያንዳንዱ ማስጠንቀቂያ፣ እውነተኛም ሆነ ሐሰተኛ፣ ከነሰዓቱ በመዝገብ ይጻፋል። ይህ መዝገብ የሥርዓቱን ትክክለኛ የመጥፋት ዕድል ከማንኛውም ስሌት በተሻለ ያሳያል።

በሕግ በኩል የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀም በኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ነው። አነስተኛ ኃይል መጠቀም ከፈቃድ ግዴታ በራሱ ነጻ አያወጣም፤ መሣሪያው በካምፕ ከመተከሉ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። በድንበር አካባቢ በማማ ላይ የቆመ አንቴና የጸጥታ ጥያቄ ማስነሣቱም አይቀርምና፣ ለወረዳው አስተዳደር አስቀድሞ ማሳወቅ ጠባቂውንም ባለቤቱንም ከችግር ያድናል።

9. መደምደሚያ

የቀረበው ንድፍ ነዳጅ ከታንከር ሲቀዳ አያውቅም፤ የተሰረቀ ተሽከርካሪ የት እንደደረሰም አይናገርም። ሥራው አንድ ነው፤ ተሽከርካሪው ከቦታው መጥፋቱን ወይም መሣሪያው መቆረጡን በሁለት ደቂቃ ገደማ፣ ያለ ስልክ መረብ፣ ለጠባቂው ማድረስ። መረብ ባለበት ቦታ ከጂ.ፒ.ኤስ. መከታተያ ጋር ቢጣመር ሁለቱ ይደጋገፋሉ፤ ይህኛው የስርቆቱን ጊዜ፣ ያኛው ቦታውን ይናገራል።

ለቀጣይ ሥራ ሦስት ልኬቶች ይቀድማሉ። የመጀመሪያው ማሽላ በረዘመበት በመስከረም የሚደረግ የምልክት ጥንካሬ ልኬት ነው፤ በስሌቱ የተያዘውን 15 ዴሲቤል ያጸድቃል ወይም ያርማል። ሁለተኛው የተከታታይ መልእክቶች መጥፋት ምን ያህል እንደሚያያዝ በቆሙ ተሽከርካሪዎች ላይ ማየት ነው፤ «6» የሚለው ቁጥር የሚጸናው ወይም የሚለወጠው በዚህ ነው። ሦስተኛው የአንድ የአጨዳ ወቅት የጠባቂ መዝገብ ነው። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ሦስቱም በአነስተኛ ወጪ ሊሠሩ የሚችሉ የመስክ ሥራዎች ናቸው።